ትንሿን የቤት ወፍ በሚዛን ስለ መጠበቅ

ለልጆቻቸው ደስታ ብለው በሽቦ ጎጆ ውስጥ ወፍ የሚያኖሩ ቤተ ሰቦች አንድ ጥያቄ ደጋግመው አቅርበውልናል። ጥያቄውም፣ «ትናንት ስትንጫጫ የዋለች ወፍ ዛሬ ጧት ከጎጆዋ ወለል ላይ ሞታ ተገኘች፤ ሳትታመም እንዴት ልትሞት ቻለች?» የሚል ነው። እኛም መልሱን ከመጽሐፍ ብቻ ሳይሆን ከገዛ ቤታችን ጥፋት ጭምር ስለ ተማርነው፣ ለአንባብያን ሳንሸሽግ ልናቀርበው ወደድን።

አስቀድመን ግን የምንናገርላትን ወፍ እናስተዋውቅ። ነገራችን በተለይ ስለ ባጅሪጋር ነው። አንዳንድ ሰው «ላቭ በርድ» እያለ የሚጠራት፣ አረንጓዴ ወይም ሰማያዊ ላባ ያላት፣ ጀርባዋም በጥቁር ሰረዝ የተሸለመ፣ ከበቀቀን ወገን የሆነች ትንሽ ወፍ ናት። የትውልድ አገሯ አውስትራልያ ሲሆን፣ ጆን ጉልድ የተባለው እንግሊዛዊ የአዕዋፍ ሊቅ እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር በ1840 ዓ.ም. በሕይወት ወደ እንግሊዝ አገር አመጣት። ከዚያ ወዲህ በብዙ አገር የቤት ወፍ ሆናለች። እውነተኛው ላቭ በርድ ሌላ ነው፤ እንዲያውም ከነዚሁ አንዱ፣ ክንፉ ጥቁር የሆነው፣ በኢትዮጵያና በኤርትራ ደጋ ብቻ የሚገኝ፣ በአዲስ አበባም ዛፍ በበዛበት ግቢ በነፃነት ሲበር የሚታይ ነው። እሱንስ ከዛፉ ላይ እንተውለት።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ለታናሹ ልጃችን አንዲት ሰማያዊ ባጅሪጋር ገዛንለት። ልጁ ኀላፊነትን ይልመድ ብለንም እህሏንና ውሃዋን የመጠበቁን ሥራ ለእሱ ሰጠነው። እሱም በየማታው ጎጆውን እያየ፣ «አባዬ፣ ጣሳዋ ሙሉ ነው» ይለን ነበር፤ እኛም የተማሪዎቻችንን ደብተር እያረምን፣ ቀና እንኳ ሳንል፣ «ጐበዝ» እንለው ነበር። ወፏም በሦስተኛው ሳምንት ገደማ እንደ ክር ኳስ ድብልብል ብላ ከማረፊያ እንጨቷ ላይ ጸጥ ብላ መቀመጥ ጀመረች። ልጆቹ «ወፈረችልን» ብለው ተደሰቱ። እኛም ከእነርሱ የተሻለ ዕውቀት ስላልነበረን አብረን ተደሰትን።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ አንዲት አረጋዊት ጎረቤታችን ቡና ሊጠጡ መጡ። እኒህ እናት በገጠር ተወልደው ያደጉ፣ ዕድሜያቸውን ሙሉ ዶሮ ያረቡ ናቸው። ወፏን ጥቂት ሲመለከቱ ቆዩና ፈቃድ ጠይቀው እጃቸውን ወደ ጎጆው አስገብተው ደረቷን በአንድ ጣታቸው ዳሰሱ። «መምህር፣ ይህች እኮ አጥንት ብቻ ናት» አሉን። ልጃችን ተቆጣና፣ «ኧረ ጣሳዋ ሙሉ ነው፤ ይዩት!» አለ። እርሳቸውም ጣሳውን አወጡና ወደ በረንዳው ወስደው እንደ ምርት ማራገቢያ አድርገው እፍ አሉበት። ከላይ ያለው ሁሉ በንፋስ ተነሥቶ በግቢው ተበተነ። ከሥር የቀረው እህል ከአንድ የቡና ማንኪያ አይበልጥም ነበር።

ባጅሪጋር እህልን ከነገለባው አትውጥም። እያንዳንዷን ፍሬ በምንቃሯ ፈልቅቃ ፍሬውን ትውጣለች፤ ገለባውም እዚያው ጣሳው ላይ ይቀራል። ገለባው ቀላል ስለ ሆነ ከላይ ይቆያል፤ ጣሳውም እያደር ባዶ ሲሆን ለዐይን ሙሉ ይመስላል። ልጃችን አልዋሸም ነበር። ያየውን ነው የነገረን። ጥፋቱ ሳናይ «ጐበዝ» ያልነው የኛው ነው፤ ልጆችን ሒሳብና ሳይንስ እያስተማርን በገዛ ቤታችን ያለውን አንድ ጣሳ አልመረመርንም። እኒያ እናት አዲስ እህል አስደርገው በሙቅ ስፍራ ቢያስቀምጧትም በማግስቱ ሞተች። ልጁ ብዙ ቀን ስለ ወፍ መናገር ተወ።

በዚያ ነገር ዐይናችን ሁለት ጊዜ መታለሉን ልብ ይሏል። መጀመሪያ በጣሳው፣ ሁለተኛም በላባው። ወፍ ስትታመም ወይም ስትራብ ሰውነቷ ሙቀት ማምረት ስለሚያንሰው ላባዋን ታነፋለች፤ በላባው መካከል የተያዘው አየር እንደ ጋቢ ሆኖ ያሞቃታል። ስለዚህ የከሳች ወፍ ወፍራ ትታያለች። ከዚህም ሌላ በዱር ሳለች ደካማ መስላ የታየች ወፍ የጭልፊት ቀለብ ስለምትሆን፣ ሕመሟን መሸሸግ ከተፈጥሮዋ ነው። እንግዲህ «ሳትታመም ሞተች» የተባለችው ወፍ ምናልባት ለብዙ ቀናት ታማ የቆየች ናት። ሰው ሲያያት ቀና ትላለች፤ ሰው ፊቱን ሲመልስ ዐይኗን ትጨፍናለች።

ትንሽ አካል ደግሞ ስንቁ ትንሽ ነው። የወፍ የሰውነት ሙቀት ከሰው የበለጠ፣ ከ40 እስከ 42 ዲግሪ የሚደርስ ሲሆን፣ ልቧም በደቂቃ ብዙ መቶ ጊዜ ይመታል። ይህን እሳት ለማቆየት ያለ ማቋረጥ መብላት አለባት፤ አንድ ወይም ሁለት ቀን ሙሉ ሳትበላ ብትቆይ ሕይወቷ በአደጋ ላይ ነው። በሬ ሲከሳ ባለቤቱ በወር ውስጥ ያየዋል። ወፍ ስትከሳ ግን የሚያየው ሚዛን ብቻ ነው።

ሁለተኛ ወፍ ወደ ቤታችን እንዳትገባ ወስነን ነበር። ነገር ግን ልጁ ራሱ ከዓመት በኋላ፣ «አሁን ገለባውን እፍ እላለሁ» ብሎ ስለ ለመነን ሁለት አረንጓዴ ባጅሪጋሮች ገዛንና አብረን አንድ ትንሽ የኤሌክትሪክ ሚዛን ገዛን። ሚዛኑ ቢያንስ አንድ ግራምን የሚለይ መሆን አለበት፤ እንደ ዜብራ ፊንች ያሉ 12 ግራም ያህል ብቻ የሚመዝኑ ወፎች ያሉት ሰው ግን የግራምን ዐሥረኛ የሚለይ ቢያገኝ ይሻለዋል። ካናሪ ወደ 20 ግራም ገደማ ይመዝናል። የዱር ባጅሪጋር ከ30 እስከ 40 ግራም ሲሆን፣ በሰው እጅ የተራባችው ከዚህ ልትከብድ ትችላለች። ሆኖም ከመጽሐፍ የተገኘው ቁጥር ለማስተዋወቂያ ያህል ነው እንጂ መለኪያ አይደለም። መለኪያዋ የራሷ ክብደት ነው፤ ጤነኛ ሳለች ስንት እንደምትመዝን ያላወቀ ሰው፣ ስትታመም ቢመዝናት ቁጥሩ ምንም አይነግረውም።

አመዛዘኑ እንዲህ ነው። የለመደች ወፍ በሚዛኑ ላይ በተቀመጠ ማረፊያ እንጨት ላይ በጥቂት እህል ተባብላ ትቆማለች፤ ይህን ለማስተማር የጥቂት ሳምንት ትዕግሥት ይበቃል። ያልለመደችውን ግን እየተሯሯጡ መያዝ ልቧን ማስደንገጥ ስለ ሆነ፣ እኛ በቤታችን የተገኘውን ትንሽ የስፌት ሙዳይ ተጠቅመናል። ሙዳዩ ከነክዳኑ በሚዛኑ ላይ ይቀመጣል፤ ሚዛኑ ወደ ዜሮ ይመለሳል፤ ከዚያ ወፏ ገብታ ትመዘናለች። በጨለማው ውስጥ ጸጥ ትላለች፤ በስፌቱም መካከል አየር ይገባታል። ከግማሽ ደቂቃ በላይ አያስፈልግም።

ሰዓቱ ከሁሉ ይልቅ መጠንቀቅን ይሻል። ወፍ ሌሊቱን ሙሉ ሳትበላ ስለምታድር ጧት ቀላል፣ ማታ ከባድ ናት፤ በአንገቷ ሥር ያለው የምግብ ከረጢት ሲሞላ ብቻውን ልዩነት ያመጣል። ስለዚህ ዛሬ ጧት፣ ነገ ማታ የመዘነ ሰው የሚያነበው የወፏን ጤና ሳይሆን የምሳዋን መጠን ነው። እኛ የመረጥነው ከጧቱ 1 ሰዓት ነው፤ የሌሊቱን ኩስ ከጣለች በኋላ፣ እህል ሳትቀምስ። በመጀመሪያው ወር በየቀኑ መዘንን፤ ከዚያ በኋላ በሳምንት ሁለት ጊዜ። የታመመች ወይም አዲስ የመጣች ወፍ ግን በየቀኑ ትመዘን። ሚዛኑ ራሱ እንዳይሳሳትም በየጊዜው አንድ የተወሰነ ቁልፍ እየመዘንን ቁጥሩ እንደማይለወጥ እናረጋግጣለን።

የተገኘው ቁጥር ወዲያው ከነቀኑ በደብተር ይጻፍ። በቃል የተያዘ ቁጥር ሰው የሚወደውን እየመሰለ ይለወጣልና።

ከዚህ ላይ ጥቂት ሒሳብ ብናስገባ አንባቢ ይቅር ይበለን፤ የሙያ ነገር ሆኖብን ነው። 38 ግራም የምትመዝን ወፍ አንድ ግራም ስትቀንስ፣ 60 ኪሎ የሚመዝን ሰው ከአንድ ኪሎ ተኩል በላይ እንደ ቀነሰ ያህል ነው። አንድ ግራም መውጣትና መውረድ የየዕለት ነገር ስለ ሆነ አያስደነግጥም። ነገር ግን ሦስት ጊዜ ተከታትሎ የወረደ ቁጥር ጥያቄ ነው። ከመቶ ዐሥር እጅ የቀነሰ እንደ ሆነ፣ ማለት 38 የነበረው ወደ 34 ከወረደ፣ ወፏ የፈለገውን ያህል ብትንጫጫ የእንስሳት ሐኪም ማየት ይገባታል። 60 ኪሎ ሰው በአንድ ሳምንት ወደ 54 ቢወርድ ማን ዝም ይላል?

ይህ ደብተር በሁለተኛው ዓመት ዋጋውን ከፈለን። ከሁለቱ ወፎች አንደኛዋ 38፣ 37፣ 37፣ 36 እያለች ወረደች፤ ጓደኛዋ ግን በ40 ላይ ጸንታ ቆየች። ለዐይን ሁለቱም እኩል ነበሩ። ልጃችን በደብተሩ ላይ ይህን አይቶ አንድ ቅዳሜ ሙሉ ከጎጆው ፊት ለፊት ተቀምጦ ሲጠብቅ ዋለና፣ «አባዬ፣ ትልቋ ከጣሳው እያባረረቻት ነው» ብሎ መጣ። ሁለተኛ ጣሳ ከጎጆው በሌላው ወገን አሰርን። በሁለት ሳምንት ውስጥ ወደ 38 ተመለሰች። መድኃኒት አላስፈለጋትም።

ክብደት መጨመርም ሁልጊዜ መልካም አይደለም። እንስቷ እንቁላል በሆዷ ስትይዝ ትከብዳለች፤ የባጅሪጋር እንቁላል ሁለት ግራም ያህል ነውና። እንቁላሉ አልወጣ ብሎ ከጎጆው ወለል ላይ ተቀምጣ ብታምጥ ግን በዚያው ቀን ወደ ሐኪም መሄድ ነው። በሆድ ውኃ ሲቋጠር ወይም ዕጢ ሲያድግ ቁጥሩ እየጨመረ ወይም ባለበት ቆሞ ሥጋዋ ሊያልቅ ይችላል፤ ባጅሪጋር ደግሞ ዕጢ ከሚበዛባቸው ወፎች ወገን ናት። ስለዚህ የጎረቤታችን ጣት ከሚዛኑ ጋር አብሮ ይሥራ። በደረቷ መካከል ከላይ ወደ ታች የሚወርደውን አጥንት በቀስታ ዳስሱት። በግራና በቀኝ ሥጋ ሞልቶት አጥንቱ ጥቂት ብቻ የሚታወቅ ከሆነ ደኅና ናት፤ እንደ ቢላዋ ስለት ከሆነ ከስታለች፤ ጭራሽ የማይገኝ ከሆነ ስብ በዝቶባታል።

ኩሷንም ማየት አይናቅ። በጎጆው ወለል ነጭ ወረቀት አንጥፎ በየጧቱ መለወጥ ነው። ጤናማው ኩስ አረንጓዴ ወይም ቡናማ ቁራጭ ሆኖ ነጭ ነገር የተደረበበት፣ በዙሪያውም ጥቂት ውኃ ያለበት ነው። ነጩ ወደ ቢጫ ወይም አረንጓዴ ቢለወጥ፣ ቁራጩ እንደ ሬንጅ ቢጠቁር፣ ወይም ቁጥሩ ከወትሮው በጣም ቢያንስ ምልክት ነው። ያልበላች ወፍ የምትጥለው ኩስ ያንሳልና፣ ጣሳው ሲዋሽ ወረቀቱ እውነቱን ይናገራል። እንደዚሁም ጅራቷ ከትንፋሿ ጋር ከፍ ዝቅ ቢል፣ ምንቃሯን ከፍታ ብትተነፍስ፣ በምንቃሯ ዙሪያ ቅርፊት ቢወጣ፣ የወንዱም ከምንቃሩ በላይ ያለው ሰማያዊ ቆዳ ወደ ቡናማ ቢለወጥ፣ ሚዛኑ ምንም ባይል እንኳ ዝም አይባልም።

ስለ ምግብ በአጭሩ እንናገር። እህል ብቻ የምትበላ ወፍ ጉበቷ ስብ ይይዛል፤ አዮዲንም ስለሚያንሳት፣ በደጋው አገራችን በሰው ላይ እንደምናውቀው ያለ እንቅርት ይይዛታል፤ የእርሷ ግን በውስጥ ስለ ሆነ በድምፅዋ መለወጥና የበላችውን በመትፋቷ ነው የሚታወቀው። ስለዚህ ከእህሉ ጋር ቅጠላ ቅጠልና ካሮት ይሰጣት። ከአገራችን ወደ ውጭ ከሚላኩት የቅባት እህሎች አንዱ የሆነው ኑግ በአሜሪካ በብዛት የሚገዛው ለሰው ዘይት ሳይሆን ለዱር ወፎች ቀለብ መሆኑን ብዙ ሰው አያውቅም፤ አብሮት የሄደ የአረም ዘር እዚያ እንዳይበቅልም በሙቀት ይታከማል። ኑግ ግን ቅባቱ ብዙ ስለ ሆነ በጎጆ ተቀምጣ ለምትውል ወፍ በጥቂቱ ነው። አቮካዶ ከቶ አይሰጣት፤ ለእኛ ጤና የሆነው ለእርሷ መርዝ ነው።

ከምግቡ ይልቅ በቤቶቻችን የሚያሠጋን ጭሱ ነው። የወፍ ሳንባ ከአየር ከረጢቶች ጋር ተያይዞ አየርን እጅግ አብዝቶ ስለሚያሳልፍ፣ በአየር ያለውን መርዝ ከሰው ቀድማ ታገኛለች። ጆን ስኮት ሆልደን የተባለው ሊቅ ይህን ተመልክቶ የድንጋይ ከሰል ቈፋሪዎች ካናሪ ይዘው ወደ ጉድጓድ እንዲወርዱ መከረ፤ በእንግሊዝ አገር ይህ ልማድ እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር እስከ 1986 ዓ.ም. ድረስ ቆይቶ በኤሌክትሪክ መሣሪያ ተተካ። የቡናችን ከሰል ከዚያው ወገን ነው። ጎጆው ዕጣን ከሚጤስበትና ከሰል ከሚነድበት ክፍል ይራቅ፤ የማያጣብቀው የቴፍሎን መጥበሻም ባዶውን በእሳት ላይ ተረስቶ ሲግል የሚያወጣው ጭስ ወፍን በደቂቃዎች ውስጥ ይገድላል። ከሰል በሚነድበት ዝግ ክፍል ወፍ ከእንጨቷ ላይ ወድቃ ያየ ሰውም ጎጆውን ለማንሣት አይቆይ፤ በመጀመሪያ ልጆቹን ያውጣ፤ መስኮቱንም ይክፈት።

ወፏ ታማ ከተገኘች ሐኪም እስኪገኝ ድረስ ሙቀት ያሻታል። በጨርቅ የተጠቀለለ የሙቅ ውኃ ጠርሙስ ከጎጆው በአንድ ወገን ይደረግላት፤ ሙቀቱ ሲበዛባት ወደ ሌላው ወገን እንድትሸሽ ነው። እህሉና ውኃው ዝቅ ብሎ በአጠገቧ ይቀመጥ። ከሰው መድኃኒት ቤት የተገዛ ነገር በግምት አይሰጣት። በአገራችን ያሉ የእንስሳት ሐኪሞች አብዛኛውን ጊዜ ከብትና ዶሮ ስለሚያክሙ፣ 38 ግራም የምትመዝን በሽተኛ በእጃቸው ስትገባ መድኃኒቱን ለመመጠን ትክክለኛ ክብደቷን ማወቅ ግድ ይሆንባቸዋል። ደብተራችሁን ይዛችሁ ሂዱ፤ የመጨረሻውን ቀን የኩስ ወረቀትም ጭምር።

ከወፍ ወደ ሰው የሚተላለፍና ሳንባን የሚያሳምም በሽታ ስላለ፣ ጎጆውን የሚያጸዳ ሰው ወረቀቱን ጥቂት በውኃ አርሶ ያንሣ፤ አቧራውን አይተንፍስ፤ እጁንም በሳሙና ይታጠብ። በዚሁ ምክንያት የወፏ ሚዛን የወጥ ቤቱ ሚዛን አይሁን። በእኛ ቤት ልጁ አንድ ጧት የራሱ ሚዛን ባትሪ አልቆበት ወፏን በእናቱ የበርበሬ ሚዛን ላይ ሲያቆማት ተገኘ። ባለቤታችን ምንም አልተናገሩም፤ ሚዛኑን ለልጁ ተዉለትና በዚያው ቀን ገበያ ወጥተው ለወጥ ቤቱ አዲስ ገዙ። አሁን በቤታችን ሁለት የወፍ ሚዛን አለ፤ በሁለቱም ላይ በቀይ ቀለም «የወፍ» ተብሎ ተጽፎባቸዋል።